እጅሽ ተንቀጥቅጧል

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ፤ እንጀራዬ ማዕዘን ነው፣
አራት እንጨት ቆርጬ ጫፍ ለጫፍ የማጋጥመው።
ሱቄ ትሪየስቴ ነው፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፤
በሬን ቀን እያንኳኳ፣ ማታ ሰብሮ የሚገባ
ደንበኛዬ ቦራ ነው፤ ከካርሶ አምባ የሚወርድ ነፋስ፣
ከሰው ራስ ባርኔጣ ቀምቶ ባሕሩን የሚያለብስ።
ድሮ እሱ ሲነሣ በየመንገዱ ገመድ ይወጠር ነበር፣
አሮጊት ይዛው እንድትሻገር፣ የቄስ ቀሚስ እንዳይበር።

ኒቬስ እንዲህ ባለ ቀን መጣች፣ ፎቶ በጉያዋ ይዛ፤
ዘረጋችልኝ። ዓይኔ ከዳር እስከ ዳር ተጉዛ
ማረፊያ አጣች። ጭጋግ ነው? ውኃ ነው? ወይስ ጭስ?
ፊት መሳይ ነገር አለ፣ ዓይን ሲቀርበው የሚፈርስ።
«ተበላሽቶብሻል» አልኳት። ጠማማ ነገር አልወድም።
ሳቀች። «ይህን ስትለኝ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዘመኑ ሃምሳ አምስት፣ በመጋቢት፣
ወንድሟ ሊቪዮ ወደ አውስትራሊያ ሊሄድ፣ በተዋሰው ካፖርት
ከመርከቡ ሥር ቆሟል። አባት እንባውን ሊሸሽግ ፈልጎ
ካሜራውን ለእሷ ሰጣት፣ ፊቱን ወደ መጋዘኑ አድርጎ።
ተጫነችው። ቦራ ገፋት። ሊቪዮም ያኔውኑ ዞረ፤
ፊቱ ፊልሙ ላይ ሳያርፍ እንደ እርግብ ክንፍ በረረ።
ታጥቦ ሲመጣ ገመዱ ሦስት ገመድ፣ መርከቡ የግድግዳ እድፍ፤
ሊቪዮ ከአንገቱ በላይ ነጭ ጭረት፣ የሚያልፍ።
«እጅሽ ተንቀጥቅጧል» አላት አባቷ፤ ሌላ አልጨመረ፤
ያንኑ ቃል በልጅ ልብ እንደ ሚስማር ቀበረ።
እናት ግን ፎቶውን ወስዳ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው፤
በስፒል ነው የሰቀለችው፤ ፍሬም ለማን ደረሰው!

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሊቪዮ መጣ፤ ሆዱ ገፍቶ፣
ሁለት ጥርሱ ወርቅ ሆኖ፣ ቋንቋው ከአፉ ተጎትቶ።
ለባለሙያ ተቀመጠ፤ ብርሃን ፊት ለፊት በራለት፤
ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል፣ የጉንጩ ጠባሳ ሳይቀርለት።
እናት አዲሱን ፎቶ አየች፤ እጇ ውስጥ ትንሽ አቆየችው፤
«ይሄኛው የመጣው ነው» አለች፤ «ያኛው ግን የሄደው ነው።»
አሮጌውን ከስፒሉ አልነቀለችም።

«ከዚያ ወዲህ» አለችኝ ኒቬስ፣ «መዝጊያውን ከፍቼ እተዋለሁ፤
አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፣ ያለፈው ይለፍ እላለሁ።
ከትራም መስኮት የሚጎተት ጉንጭ፣ በር ላይ የቀረ ቀሚስ፣
ደረጃ ላይ የሮጠ ልጅ፣ እግሩ መሬት ሳይደርስ።»
«ሁሉም እንዲህ ይሳካል?» አልኳት። «ኧረ የት!
ሠላሳ ዘጠኙ ብልሽት ነው፤ አርባኛው ላይ ነው ምሕረት።»

ሄደች። እንጨት መቁረጥ ጀመርኩ። ሚስቴን አስታወስኩ፣ ኦንዲናን።
የሠርጋችን ፎቶ አለኝ፤ ከአዝራሩ እስከ ጥልፉ ሁሉን
ያሳያል። ዓይኔን ስጨፍን ግን እሱ አይመጣም፤ የሚመጣው
እንፋሎት ውስጥ ዞር ስትል ጉንጯ ነው፣ ግማሹ፣ ሳልይዘው የሚወጣው።
መጋዙ ከመስመሩ ሳተ። አንዱ ማዕዘን አልገጠመ፤
የፀጉር ያህል ክፍተት ቀረ።
ልጠግነው ብዬ እጄ ከሙጫው አጠገብ ቆመ።

ማክሰኞ ተመለሰች። ጣቷን በክፍተቱ ላይ አሳለፈች፤
ቀና ብላ አየችኝ፣ ሒሳቧን ቆጥራ ከፈለች።
ፍሬሙን በብብቷ፣ ባርኔጣዋን በሌላው እጇ ደግፋ
ወጣች፤ ቦራ በሬን ሊቀማኝ ታገለ፣ እሷን ከደረጃው ገፋ።
አደባባዩን ስታጋምስ በትንፋሼ መስታወቱ ደበዘዘ፤
አልጠረግሁትም። ጥቁር ካፖርቷ ከነፋሱ ጋር ተጓዘ።